የራዝቪሽክ ወንበሮች

ጊዜው በፈረንጆች አቆጣጠር ዘጠና አራት ነው፤ እኔ ያኔ ሃምሳ ስድስት ዓመቴ ነበር። ነገሩን ያነሳብኝ ሽታ ነው። ባለፈው ሰሞን ባተርሲ ጥርሴን ታይቼ ስመለስ፣ በሩን ከፍቶ የሚሠራ አንድ የአሮጌ ዕቃ መጠገኛ አጠገብ ሳልፍ የሙጫ ሽታ አፍንጫዬን ያዘኝ። ዛሬ በቱቦ የሚሸጠው ሙጫ አይደለም። ከቆዳና ከአጥንት የሚሠራው፣ ውሃ ላይ በተጣደ ቆርቆሮ የሚሞቀው፣ ላላወቀው ሰው የሚከረፋው ነው። እኔ ግን ቆሜ ማግኩት። ልጄ ክንዴን ይዛ «አባዬ፣ ምን ሆንክ? አመመህ እንዴ?» አለችኝ። «አላመመኝም፤ ራዝቪሽክ ሸተተኝ» አልኳት። ታሪኩን ደጋግማ ስለሰማችው «እንግዲያው ጻፈውና እንረፍ» አለች። እኔ ቄስ ዘንድ ፊደልና ዳዊት ከመቁጠር ያለፈ ትምህርት የለኝም። አጻጻፌ ከተጣመመ እሷ ታቃናው፤ ነገሩን ግን እንዳትነካብኝ ብያታለሁ።

ራዝቪሽክ ሊትዌኒያ በሚባል አገር ያለች ትንሽ ከተማ ናት። በእግሬ ረግጫት አላውቅም። ቢሆንም ዓይኔን ጨፍኜ ከገበያው ተነስቼ ወንዙ ድረስ ልወስድህ እችላለሁ፤ ማን ከማን ጎን እንደሚኖር፣ የማን በር ወዴት እንደሚያይ። ያስተማሩኝ ሚስተር ሌዘር ናቸው፤ ኬንቲሽ ታውን ወንበርና ሶፋ የሚጠግኑ፣ እዚያች ከተማ ተወልደው ያደጉ አይሁድ ሽማግሌ። ሱቃቸው ከባቡር ጣቢያው ወጥተህ ዳገቱን ትንሽ እንደወጣህ ነበር። በአንድ ጎኑ ዓሣና ድንች ጠባሽ፣ በሌላው ጎኑ የሹራብ ክር የምትሸጥ አይሪሽ። ዛሬ ሦስቱም የሉም። በሳቸው ቦታ ቡና በወረቀት ኩባያ ይሸጣል፤ አንዱ ኩባያ ያኔ ዓሣውንም ድንቹንም ከነኮምጣጤው በሚያበላኝ ዋጋ።

እኔ አዲስ አበባ ሳለሁ ሶፋ ሠሪ ነበርኩ። ስደት ለንደን ጥሎኝ ካውንስሉ ስቶክዌል ፍላት ሰጠኝ፤ ሥራ ግን አልነበረኝም። ያም ያም «አፕላይ አድርግ» ይለኛል፤ ፎርሙን ማን ይሙላው? አንድ ቀን ዝም ብዬ ባቡር ተሳፍሬ ስዞር በመስኮት አንድ ሽማግሌ ሰማያዊ ሽርጥ ለብሰው፣ አፋቸውን በትንንሽ ሚስማር ሞልተው፣ አንዷን በምላሳቸው እያወጡ ሲመቱ አየሁ። እኛም እንደዚያው ነው የምንሠራው። ገባሁና ከጠረጴዛው ላይ ሚስማር አንስቼ አፌ ውስጥ ጨመርኩ። አዩኝና በክርናቸው ወደ ሌላው ወንበር ጠቆሙኝ። የሥራ ኢንተርቪው ያደረግኩት ይኸው ነው። እንግሊዝኛ አንቱ የለውም። እኔ ግን በልቤ አንቱ እያልኩ ነበር የማናግራቸው፤ እዚህም እንደዚያው እጽፋለሁ።

ሰውየው ከሽርጡ ሥር ሁልጊዜ ክራቫት ያስሩ ነበር። ሐምሌ ሲቃጠልም ያው ነው። ሙጫው እስኪሞቅ ድረስ በአፍንጫቸው የሚያንጎራጉሩት አንድ ዜማ ነበራቸው፤ በአገራቸው ሴቶች ክረምት ላይ ተሰብስበው የዝይ ላባ ሲነጩ የሚሉት ነው ብለውኛል። እኔም በበኩሌ የራሴን እላለሁ። ደንበኛ ሲገባ ሁለታችንም ዝም። ደግሞ እንጨቃጨቅ ነበር፤ ሁለታችንም ግትር ነንና። እኔ ስፖንጅ ይሻላል እላለሁ፤ እሳቸው የፈረስ ጭራ። «ስፖንጅ ከሰው ቀድሞ ይሞታል ታዲ» ይሉኛል። ታደሰ ማለት አቅቷቸው ነው ታዲ የሚሉኝ።

ከሱቁ ጀርባ ሰፊ ክፍል አለ። በዓመት አንድ ጊዜ፣ በጋው ሊያልቅ ሲል በአንድ እሁድ፣ ከምድር ቤት ወንበሮች እየተሸከምኩ እዚያ እደረድራለሁ። ደንበኞች አስጠግነው ሳይወስዷቸው የቀሩ ወንበሮች ናቸው፤ አንዱ ከአንዱ አይመሳሰልም። ከአርባ በላይ ናቸው፤ ወገቤን ያውቁታል። በመጀመሪያው ዓመት እንደ ሠርግ ቤት በረድፍ አስቀመጥኳቸው። ሚስተር ሌዘር ገብተው አዩና ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ይሄ ዳቦ ጋጋሪው ነው» አሉ፤ እጀታ ያለውን ወፍራሙን ወንበር ይዘው። «እዚህ አይደለም የሚኖረው። ወደ ግራ። አሁን አዙረው፤ በሩ ገበያውን ነው የሚያየው።»

እንዲህ እያሉ ከተማውን በሙሉ አስደረደሩኝ። ጀርባው የተቀረጸው ወንበር መድኃኒት ቀማሚው። ዝቅ ያለችው፣ እናቶች ልጅ የሚያጠቡባት ዓይነት፣ አዋላጇ። ሁለቱ አንድ ዓይነቶች ጎን ለጎን፣ በአንድ ግድግዳ ተጣልተው ሰላም የማይባባሉ ኮርቻ ሰፊ ወንድማማቾች። መሃሉ ባዶ ነው፤ ገበያው ነዋ። እዚያ አንድ ባልዲ ያስቀምጣሉ፤ የውሃው ጉድጓድ ነው። ከሰዓት በኋላ ሽማግሌዎቹ መጥተው እያንዳንዱ በራሱ ቤት ይቀመጣል። ብዙው ወንበር ግን ባዶውን ይውላል፤ ከዚያ ቤት የተረፈ ሰው የለማ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ፣ በአንድ የበጋ ማለቂያ፣ ናዚዎች የከተማውን አይሁድ በሙሉ ወደ ጫካ ነድተው ፈጅተዋቸዋል። እነዚህ ቀደም ብለው የወጡና በየምክንያቱ የተረፉ ናቸው። ሚስተር ሌዘር በአሥራ ስምንት ዓመታቸው ሙያ ሊማሩ አጎታቸው ዘንድ ለንደን በመምጣታቸው ነው የተረፉት። ከቤታቸው ሌላ የተረፈ የለም።

አመጣጣቸውን ብታይ። እኛ ለበዓል ነጭ እንደምንለብሰው እነሱ ሁለት ሦስት አውቶቡስ ቀይረው፣ ሱሪው እንደ ቢላ በተተኮሰ ሙሉ ልብስ፣ ባርኔጣቸውን ብሩሽ አድርገው፣ ሴቶቹ ደረታቸው ላይ ጌጥ ሰክተው። ወይዘሮ ፔሼ የሚባሉ ባለ ሐምራዊ ኮፍያ አሮጊት ነበሩ፤ ምርኩዛቸውን ከመደገፍ ይልቅ መሬት እየመቱ ንግግራቸውን ለማጽናት ነበር የሚጠቀሙበት። ተቀምጠው ከገበያው ማዶ ላለው ጎረቤታቸው «አንተ፣ ፍየላችሁ ዛሬም ጎመኔን በላች» ይላሉ። ሰውየው ሰማንያ ሊሞላው ነው፤ ፍየሏ ከሞተች ስልሳ ዓመት አልፏታል። «ጎመንሽን አጥሪያ» ይላል። ይስቃሉ። ከዚያ የመድኃኒት ቀማሚው መስኮት አረንጓዴ ነበር፣ ሰማያዊ ነበር እያሉ ይከራከራሉ። እኔ በሩ ላይ ቆሜ እሰማለሁ። እኛ አገር ተዝካር ይወጣል፣ ቢበዛ ሰባት ዓመት ድረስ ይደርሳል፤ ከዚያ ሰው ወደ ጉዳዩ ይሄዳል። እነዚህ ግን ያለ ቄስ፣ ያለ ደወል፣ ሃምሳ ዓመት ከተማቸውን በወንበር እያቆሙ አመሻሹ ላይ እያፈረሱ ኖረዋል። እኔ እንዲህ ዓይነት ሰው ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አላየሁም።

የማልወደው አንድ ነገር ነበር። ከሚስተር ሌዘር ወንበር ጎን የምትቀመጥ፣ የኋላ እግሯ የሚወዛወዝ አንዲት ወንበር አለች። ሙጫዋ ደርቆ ለቋታል። በየዓመቱ እነግራቸዋለሁ።

«ሚስተር ሌዘር፣ ወንበር ጠጋኝ ቤት ውስጥ እግሩ የሚወዛወዝ ወንበር ነውር ነው። ልሥራት።»

«ማን ሊቀመጥባት ነው የምትደክመው?»

የታናሽ ወንድማቸው ናት። ሂርሽኬ ይባላል። እሳቸው ሲወጡ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ነበር። ከዚያ በላይ አልነገሩኝም፤ እኔም አልጠየቅኩም። ወንበሯ ግን እንደተወዛወዘች ኖረች።

እንግዲህ ወደ ዘጠና አራቱ እሁድ ልመለስ። ከቅዳሴ በቀጥታ ሄጄ ወንበሮቹን ደረደርኩ፤ ባልዲውንም አስቀመጥኩ። ሽማግሌዎቹ መጡ። ለሙታን የሚሉት ካዲሽ የሚባል ጸሎት አለ፤ አሥር ወንድ ካልተሟላ አይባልም። ሕጉ ነው። ሴትም አትቆጠርም፤ በዚህ ወይዘሮ ፔሼ በየዓመቱ ያኮርፋሉ። «ከናንተ ሁሉ ይበልጥ የማስታውሰው እኔ፣ የማልቆጠረው እኔ» ይላሉ። ሰውን ደግሞ አንድ፣ ሁለት ብለው አይቆጥሩም፤ ለሰው አይሆንም ይላሉ። ከዳዊት መዝሙር አሥር ቃል ያላት አንዲት ቁጥር አለች። እሷን እያሉ በየሰዉ ላይ አንድ አንድ ቃል ያሳርፋሉ። ቃሉ ካለቀ ሰው ሞላ ማለት ነው። ሚስተር ሌዘር ጣታቸውን እያዞሩ ጀመሩ። ዘጠኙ ቃል ዘጠኝ ሰው ላይ አረፈ። አሥረኛው ቃል ከአፋቸው ወጣ፣ ጣታቸው ግን ባዶ ወንበር ላይ ቀረ። ባለ ፍየሉ ሰውዬ ጠዋት ወድቆ ሆስፒታል ገብቷል፤ የነገረን አልነበረም።

ሚስተር ማክስ የሚባል ቀጭን ሽማግሌ፣ ከኮርቻ ሰፊዎቹ ያንደኛው ልጅ፣ «ወደ ምኩራቡ እንደውልና አንድ ሰው ይላኩልን» አለ።

«አይሆንም» አሉ ሚስተር ሌዘር። «አምና ልከውልን አልነበር? ጸሎቱን እንደ ባቡር የሰዓት ሰሌዳ አነበበው። እጁ ላይ ያለውን ሰዓት ሲያይ አላየህም? የኪራይ ሰው አልፈልግም።»

«ታዲያ ምን ይሁን?»

«ለማን እንደሚል የሚያውቅ ሰው ካልተገኘ ይቅር። ከቀረም ቀረ። ዘንድሮ ዘጠኝ ነን፣ ከርሞ ሰባት እንሆናለን። ታዲ ወንበሮቹን ነገ ለነጋዴ ይሽጣቸው።»

 ወይዘሮ ፔሼ ምርኩዛቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋድመው ባልዲውን ያያሉ። እኔ ቆሜ ሳስብ ይርዳው ትዝ አለኝ።

ይርዳውን ያወቅኩት ስቶክዌል የስልክ ሰልፍ ላይ ነው። ያኔ አገር ቤት መደወል እንደ ዛሬ ኪስ ውስጥ አይደለም፤ አረንጓዴ የስልክ ካርድ ገዝተህ፣ የሽንት ሽታውን ችለህ፣ ሳጥኑ ውስጥ ገብተህ ነው። ከፊቴ የቆመው ሰው በአማርኛ ሲጮህ ሰማሁና ተዋወቅን። የጎንደር ሰው ነው፤ ቤተ እስራኤል። በሱዳን በኩል እስራኤል ገብቶ ኖሯል፤ ነርሷ ሚስቱ እዚህ ሥራ ስታገኝ ተከትሏት መጥቶ አውቶቡስ ያጥባል። እናቱና ሁለት እህቶቹ በእግር ሲመጡ ሱዳን በረሃ ላይ እንደቀሩ፣ የቀበሩበትን ቦታ አሸዋው እንዳጠፋው የነገረኝ በዚያ ሰልፍ ላይ ነው። ሰው ለማያውቀው ሰው አንዳንዴ እንዲህ ይናገራል።

«ጸሎቱን ሳትጀምሩ ጠብቁኝ» ብዬ ወጣሁ። የቀን ትኬቴ ስለነበረኝ ኖርዘርን ላይን የሚባለውን ባቡር ይዤ ቀጥታ ስቶክዌል። ይርዳው በካናቴራ ሆኖ በረንዳው ላይ ምንጣፍ ሲያራግፍ አገኘሁት። ነገሩን ነገርኩት። ምንጣፉን አጠፈና ሳቀብኝ።

«ጋሽ ታደሰ፣ አገር ቤት የናንተ ሰዎች በኛ ኩባያ ውሃ አይጠጡም ነበር። ለንደን ላይ ለቁጥር ተፈለግን?»

«እኔ ሸዋ ነው የተወለድኩት፤ የጎንደርን ጣጣ ለጎንደሬ ንገር።»

«እሺ፣ እኛም እናንተን ከነካን እንታጠብ ነበር፤ ተቻችለናል» አለና ሳቁን ተወ። «ግን አልሄድም። እስራኤል ስንደርስ ምን እንዳሉን ታውቃለህ? አይሁድ መሆናችሁ እንዲረጋገጥ ውሃ ውስጥ ገብታችሁ ውጡ አሉን። አባቴ ሽማግሌ ሰው፣ ዕድሜ ልኩን ሰንበት ያከበረ፣ ቆሞ አለቀሰ። አሁን ደግሞ እዚያ ሄጄ ፈረንጅ ሽማግሌ ፊቴን እያየ ሊመረምረኝ ነው? ይቅርብኝ።»

«ሊመረምሩህ ይችላሉ» አልኩት። ውሸት አልወድም። «አንዱ በተለይ ሳይጠይቅህ አይቀርም። ግን እነሱም እንዳንተ ናቸው። መቃብር የላቸውም። ዛሬ አንድ ሰው ጎድሎ ጸሎቱ ከቀረ ነገሩ በዚያው ያበቃል፤ ወንበሮቹን ነገ ለነጋዴ አውጥቼ የምሸጠው ደግሞ እኔ ነኝ። አንተስ ለናትህ የምትልላት ካዲሽ አሥር ሰው አግኝተህ ታውቃለህ እዚህ?»

የታጠፈውን ምንጣፍ አስቀመጠ። ሚስቱ ከውስጥ ሆና ትሰማ ነበር። «ሸሚዝህ ተተኩሷል» አለችው።

ኬንቲሽ ታውን ስንደርስ ፀሐይዋ ገና ከጣሪያው በላይ ነበረች። ክፍሉ ውስጥ ሁሉም እንዳሉ ናቸው፤ ሻይ እንኳ አልጠጡም። ይርዳው ነጭ ሸሚዙን ለብሶ በሩ ላይ ቆመ። ሽማግሌዎቹ አዩት፣ ከዚያ እኔን አዩኝ። ሚስተር ማክስ ተነሳ።

«አልጠላውም» አለ ወደ ሚስተር ሌዘር። «ግን አይሁድ መሆኑን በምን አውቃለሁ?»

ይርዳው እንግሊዝኛው ደካማ ቢሆንም ይችን ገባችው። ወደኔ ዞሮ በአማርኛ «አላልኩህም ጋሽ ታደሰ?» አለና እጁን ወደ በሩ ላከ። እኔ ግን በሩ ላይ ነበርኩ፤ አልለቅም።

«ልለፍ እንጂ።»

«አታልፍም።»

ሚስተር ሌዘር ተነሱ። ገበያውን አቋርጠው፣ ባልዲውን ዞረው፣ ይርዳው ፊት ቆሙ። በዕብራይስጥ አንድ ነገር ጠየቁት፤ ይርዳው መለሰ። ደግመው፣ ሁላችንም እንድንሰማ በእንግሊዝኛ፣ «ጸሎቱን ለማን ነው የምትለው?» አሉት።

«ለእናቴ። ለእህቶቼ። መንገድ ላይ ቀሩ። መቃብራቸው የት እንደሆነ አላውቅም።»

ወይዘሮ ፔሼ ምርኩዛቸውን መሬት ላይ መቱ። «ማክስ፣ ቁጭ በል» አሉ። «አባትህም ጠያቂ ነበር፤ ለዚህ ነው ወንድሙ ያላናገረው።» ማክስ ተቀመጠ፤ አንዳንዶቹ ሳቁ፤ እሱም ትንሽ ፈገግ አለ።

ግን ይርዳው የት ይቀመጥ? ወንበሩ ሁሉ የሰው ቤት ነው። ወይዘሮ ፔሼ በከተማው ዳር መንገደኛ የሚያድርበት ቤት ነበር፣ እዚያ ይሁን አሉና ጥግ ያለውን ወንበር ጠቆሙ። ሚስተር ሌዘር ራሳቸውን ነቀነቁ።

«አሥረኛው እንግዳ አይደለም» አሉ። ይርዳውን በክንዱ ይዘው ወሰዱት፤ የሂርሽኬ ወንበር ላይ አስቀመጡት። ባርኔጣ አልነበረውም፤ የራሳቸውን ትርፍ ቆብ ሰጡት።

 እኔ የማውቃትን ወንበር እሱ አያውቃትም። ልናገር ስል ሚስተር ሌዘር አዩኝ፤ ተውኩት። ይርዳው እንደተቀመጠ ወንበሯ ወደ ኋላ ልትሄድ አለች። ፊቱ አልተለወጠም። ወገቡን አቅንቶ፣ አንድ እግሩን ወደ ኋላ አጥፎ፣ በዚያ ደግፏት ተቀመጠ፤ ንጉሥ ፊት የተቀመጠ ነው የሚመስለው።

ሚስተር ሌዘር ዳዊቱን እንደገና ጀመሩ። ጣታቸው ዳቦ ጋጋሪውን፣ ኮርቻ ሰፊውን፣ ራሳቸውን እየነካ ዞረ። አሥረኛዋ ቃል በኛ ዳዊት ዘለዓለም የምትለው ናት፤ ቄሱ ዘንድ ስለቆጠርኩት አውቃታለሁ። ይርዳው ደረት ላይ አረፈች። ቆሙ፤ ካዲሹን አሉ። ይርዳውም የሚያውቀውን ያህል ከነሱ ጋር አለ፤ ዜማው የሱ ሌላ ነው፤ የጎንደር ነገር አለበት፤ ከነሱ ዘግየት ይላል። እነሱ ሲጨርሱ እሱ ገና አልጨረሰም ነበር። ማንም አልተቀመጠም። እስኪጨርስ ድረስ ማክስ ሳይቀር ቆመው ጠበቁት፤ በየማቆሚያው አሜን አሉለት።

ከዚያ ጥቁር ዳቦ፣ በጨው የተነከረ ዓሣና ከእንቁላል የማትበልጥ ብርጭቆ ቮድካ መጣ። ወይዘሮ ፔሼ ይርዳውን ጎናቸው አስቀምጠው የእናቱን ስም ጠየቁት። «ጥሩነሽ» አላቸው። ሦስት ጊዜ አስደግመው እስኪይዙት ድረስ አልለቀቁትም። ከዚያ ቤታቸው የት እንደነበረ፣ በሩ ወዴት እንደሚያይ ጠየቁት። እሱም ሹካውን አስቀምጦ በእጁ እያሳየ ነገራቸው፤ እዚህ ወንዙ፣ እዚህ ሸክላ የሚተኮስበት፣ እዚህ የኛ ቤት። ወደ ባቡሩ ስንሄድ እግሩን ያነክስ ነበር። «ያቺን ወንበር ጠግኗት እንጂ ጋሽ ታደሰ» አለኝ። «ከርሞ በዚያ ዓይነት አልቀመጥም።»

በማግስቱ ጠዋት ወንበሮቹን ወደ ምድር ቤት ላወርድ ቀደም ብዬ ሄድኩ። ሚስተር ሌዘር ቀድመውኛል። ክራቫታቸውን አስረዋል፤ ሽርጣቸውን ለብሰዋል። የሂርሽኬ ወንበር በሥራ ጠረጴዛው ላይ ተገልብጣ እግሮቿ ወደ ላይ ቆመዋል። የሚወዛወዘውን እግር ነቅለው፣ የደረቀውን ሙጫ በቢላ ጫፍ እየፋቁ ነው። አፋቸው ሚስማር ሞልቶታል። በክርናቸው ወደ ምድጃው ጠቆሙኝ። ኮቴን ሰቀልኩ፤ ቆርቆሮውን ውሃ ላይ ጥጄ ሙጫውን ማማሰል ጀመርኩ።